ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ደሜ 10.2 ነው፣ አማቴ ደግሞ ወተት አትጠጪ ይላሉ

የበኩር
ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ማቅለሽለሹ ገና አሁን ነው ለቀቅ ያደረገኝ። እፎይ ልል ስል ሌላ መጣ። ለክትትል ሄጄ ደሜ (ሄሞግሎቢን የሚሉት) ሲለካ 10.2 ሆነ። "የደም ማነስ አለሽ፣ በደንብ ብዪ" ተብዬ የአይረን ኪኒን ይዤ ወጣሁ። በደንብ ማለት ምን እንደሆነ ልጠይቅ ስል ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አይቼ ዝም አልኩ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከአማቴ ጋር ነው የምንኖረው። በጣም ነው የሚወዱኝ፤ ባልዲ እንኳ እንዳነሳ አይፈልጉም። ግን ወተት ሳነሳ "የልጁ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል" ይላሉ። ሙዝም፣ ተልባም እንደዚያው። እራት ደገም ሳደርግ ደግሞ "ተይ ልጄ፣ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል" ይሉኛል። ባለቤቴ ሁለታችንንም ላለማስቀየም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል።

ሌላው ጾሙ ነው። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ሳልቀምስ ነው የምጾመው። ዘንድሮ ልተወው ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ኪኒኑን ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምውጠው፤ ያቅለሸልሸኛል። ጎረቤቴ "ቀይ ሥር ደም ይሞላል" ብላ በየቀኑ ጁስ ትልክልኛለች። ጉበት ብዪ የሚለኝም አለ። እስቲ የምታውቁትን ጣል ጣል አድርጉልኝ።

የሳሪሷ
ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 3፡26

ማርያም በሽልም ታውጣሽ እህቴ። እኔ ምክር የለኝም፤ ሰባተኛ ወሬ ነው፣ ክሩን ልከታተል ነው የገባሁት። የእኔ አማትም እንቁላል ከልክለውኛል 😂

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡40

የበኩር፣ እንኳን ደስ አለሽ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ሰልፉን አይተሽ ዝም ማለትሽ አንጀቴን በላው፣ ምክንያቱም ከጠረጴዛው ማዶ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ጠይቂ። ሰልፉ ይጠብቃል።

በቁጥሩ ልጀምር። በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። በመካከለኛው ሦስት ወር የደሙ ውሃ ከቀይ የደም ሕዋሳቱ ቀድሞ ስለሚጨምር ደም ይቀጥናል፤ ስለዚህ ለዚህ ጊዜ መለያው ወደ 10.5 ዝቅ ይላል። አንቺ ከሁለቱም በታች ነሽ፣ ግን በትንሹ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አንድ ነገር ጨምሪበት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ደም በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚህ የተለካ 10.2 ቆላ ከተለካ 10.2 ይብሳል። ላስፈራራሽ አይደለም። "ትንሽ ነው" ብለሽ ኪኒኑን ችላ እንዳትዪው ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ከጻፍሽው ሁሉ የከነከነኝ እሱ ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ኪኒኑን ከቡና ጋር ስትውጪ ብዙው ሳይጠቅምሽ ነው የሚወጣው። ቡናሽን ከኪኒኑም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ሁለት ሰዓት አርቂው። ኪኒኑን ማታ ልትተኚ ስትዪ ትንሽ ነገር ቀምሰሽ፣ በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ዋጪው። ማታ ሲሆን ማቅለሽለሹም ይቀላል፤ ተኝተሽ ያልፋል። ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያስገባዋል፤ ወተት ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ አብረሽ አትውሰጂው።

ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድ ድርቀት ከመጣ ውሃና አትክልት ጨምሪ። ብዙ ሴት ኪኒኑን የምትጥለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ማንም ቀድሞ ስላልነገራት።

የሚሰጡሽ ኪኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው መሆን አለበት። እንደ ደምሽ ሁኔታ መጠኑ ሊጨመር ይችላል፤ ያንን ግን የሚያይሽ ባለሙያ ይወስን።

የወተቱንና የጾሙን ነገ እመለስበታለሁ፣ ተረኛ ነኝ።

ዘወትር ሽሮ
ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡55

ሲስተር፣ ጤፍ የምንበላ ሕዝብ እንዴት የደም ማነስ ይይዘናል? ጤፍ በአይረን አንደኛ ነው ሲባል ነው የምሰማው።

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 22፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጥሩ ጥያቄ። ጤፍ አይረን አለው። ግን በየቦታው የሚጻፈው ትልልቅ ቁጥር ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ የአፈር አይረን ደግሞ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። የራሱ የጤፉም ቢሆን የእህል አይረን ነው፤ ከሥጋ አይረን ጋር ሲነጻጸር የሚገባው ጥቂቱ ነው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ የተሻለ ይሆናል፣ እርሾ አይረኑን የሚይዘውን ነገር ይሰብረዋል። እናቶቻችን ሁለት ሦስት ቀን አብኩተው መጋገራቸው ለዚህም በጅቷል። ዛሬ እርሾ አብዝቶ በአንድ ቀን የሚጋገር እንጀራ ግን እንደዚያ አይደለም። እንጀራ ላይ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ጥሬ ቃሪያ ጣል አድርጉ፤ በርካሹ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የቀይ ሥሩን ጎረቤትሽን አመስግኛት፤ ፎሌት አለው፣ ጉዳት የለውም። ደም የሚሞላው በቀለሙ ነው ተብሎ ታስቦ ነው እንጂ አይረኑ ይህን ያህል አይደለም። ምስር ይበልጠዋል።

አራት የወለድኩ
ሐምሌ 22፣ ከጠዋቱ 3፡02

ልጄ የበኩር፣ እኔ የአማትሽ እኩያ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ስለእሳቸው ልናገር።

ያ የሚሉት ነገር ከየትም አልመጣም። እኔ ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ነበር የሚወስዷት፣ መንገዱ ቀን ይፈጃል። ኦፕሬሽን የሚባል በአካባቢው የለም። ሕፃን ትልቅ ሆነ ማለት እናትም ልጅም ሄዱ ማለት ነበር። አሮጊቶቹ "አትብዪ" ያሉት ጠልተው አይደለም፣ በእጃቸው ያለው መድኃኒት እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ዛሬ አምቡላንስ አለ፣ ሐኪም አለ። ፍርሃቱ ግን አሁንም አልወጣላቸውም።

አማትሽን በክርክር አትረቺያቸውም። አትሞክሪውም። በሚቀጥለው ክትትል "እማዬ፣ ብቻዬን ስሄድ ይደክመኛል፣ አብረን እንሂድ" በያቸው። ሐኪሟ ፊት ለፊት ትንገራቸው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ወተት የሚያፈሉልሽ እሳቸው ይሆናሉ።

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 22፣ ቀን 7፡20

እናቴ፣ እግዜር ይስጥዎት። እኔ በትምህርት ያገኘሁትን እርስዎ በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። ይዘዋቸው የሚመጡ ሴቶች ሲኖሩ ሥራዬ በግማሽ ይቀላል።

ስለ "መለጠፉ" ግን ልንገራችሁ። ልጅ ሲወለድ ቆዳው ላይ፣ ብብቱና ጭኑ መገጣጠሚያ ላይ፣ ጭንቅላቱም ላይ እንደ አይብ የመሰለ ነጭ ቅባት ይኖራል። እናቶች እሱን አይተው ነው ወተቱ፣ ሙዙ፣ ተልባው ነው ያሉት። ቅባቱን ግን የሕፃኑ ቆዳ ራሱ ነው የሚሠራው፤ ከሽርት ውሃው እንዲጠብቀው። ዘጠኝ ወር ወተት በአፏ ያልዞረ ሴት ልጅ ላይም አያለሁ። ቀኑ ትንሽ ሲቀረው የተወለደ ላይ ይበዛል፣ ቀኑ ያለፈ ላይ ያንሳል። እንዲያውም ቶሎ ባይታጠብ ይመረጣል፤ ሙቀቱን ይጠብቅለታል።

ትንሽ መብላት ደግሞ ምጥ አያቀልም። የሚያመጣው ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃንና ደም ያነሳት እናት ነው። ደም ያነሳት እናት ደግሞ ስትወልድ የሚፈሳትን አትችለውም። የእኔ ትልቁ ጭንቀት እሱ ነው።

"ለሁለት ብዪ" የሚሉትም ግን አጋነዋል። በእርግዝና ጊዜ ከወትሮው ማዕድ ላይ አንድ ተጨማሪ ምግብ በቀን ይበቃል። ጤና ኤክስቴንሽኖችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። አንድ ሳህን ገንፎ ወይም እንቁላል በዳቦ፣ በቃ።

ባል ነኝ
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 1፡48

ይቅርታ፣ ወንድ ይገባል? ሚስቴ ስድስተኛ ወሯ ነው። ከሥጋ ጋር ነው የተጣላችው፣ ሽታው አያስጠጋትም። ትናንት ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ "ክትፎ አማረኝ" አለች። አምሮት ካልተሟላ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ስለሚባል ሮጬ ልወጣ ነበር። ጥሬ ይሻላል ወይስ ለብለብ?

የሳሪሷ
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 1፡52

በዚያ ሰዓት ክትፎ ፍለጋ የሚሮጥ ባል 🙌 ስጡኝ

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 3፡30

ይገባል፣ ወንዶች ቢበዙልን ደስታዬ ነው። ግን ጥሬም ለብለብም የለም ወንድሜ። ኮሶው አይደለም ዋናው፤ ኮሶ መድኃኒት አለው። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ሊኖር ይችላል። እናትየዋን ላያማት ይችላል፣ ወደ ሕፃኑ ካለፈ ግን ዓይንና አንጎል ነው የሚጎዳው። ሚጥሚጣም ቅቤም አይገድለውም። መሀሉ ቀይ እስከማይሆን ድረስ ይብሰልላት። ቁርጥና ዱለትም እንደዚሁ ይቆዩ። ይኸው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድርም ስለሚተላለፍ ጎመንና ሰላጣ በደንብ ይታጠብ።

ወተት ከገበሬ በቀጥታ የምትገዙ አፍሉት። እርጎም አይብም የምትሠሩ ከሆነ ወተቱን አስቀድማችሁ አፍሉት። ጥሬ ወተት የከብት በሽታ ያስተላልፋል፣ አንዳንዱ ያስወርዳል።

አምሮት ልጁ ላይ ምልክት አያወጣም፣ ግን ሚስትህ ላይ ኩርፊያ ሊያወጣ ይችላል። በደንብ የበሰለ ክትፎ በጎመን አቅርብላት።

ጅዳ ነኝ
ሐምሌ 22፣ ከምሽቱ 4፡15

አሰላሙ አለይኩም እህቶች። አምሮት ካነሳችሁ የኔን ስሙ። እኔ የሚያምረኝ በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የበረዶ መያዣ አውጥቼ እንደ ቆሎ ነው የምቆረጥመው። ማታ ማታ ባለቤቴ ድምፁ አላስተኛኝ አለ። የጅዳ ሙቀት ነው ብዬ ነበር፣ ግን ኤሲ ሥር ተቀምጬም ያምረኛል። አገር ቤት ያለችው እህቴ ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ነው የምትለው። ይሄ ምንድን ነው?

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 23፣ ከጠዋቱ 12፡50

ወአለይኪ ሰላም። ደምሽን ተለኪ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ። በረዶ፣ አፈር፣ ከሰል፣ ገል የሚያምራቸው ነፍሰ ጡሮች ብዙ ጊዜ አይረን ያነሳቸው ናቸው። አይረኑ ሲሞላ አምሮቱ ይጠፋል፤ ብዙዎቹ "መቼ እንደተውኩት አላውቅም" ነው የሚሉኝ። በረዶው ጥርስሽን ነው የሚጎዳው። አፈሩ ግን የሆድ ትል እንቁላል ይይዛል፣ አንዳንዱ ትል ደግሞ ደም ይጠጣል። እህትሽን ንገሪያት፤ ማሽተቱ ችግር የለውም፣ ወደ አፍ እንዳይደርስ።

ጅዳ ነኝ
ሐምሌ 23፣ ቀን 9፡05

ተለካሁ፣ 9.4 🥲 ኪኒን ጀመርኩ። አላህ ይስጥሽ።

የሰንበት ተማሪ
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 2፡20

ስለ ጾሙ ማንም ስላልጻፈ ልጻፍ። የበኩር፣ ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፣ አስጨናቂ አይደለችም። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ለታመመ ሰው አባቶች እንደ አቅሙ ያዛሉ። ብዙዎቹ የሰዓቱን ጾም ያቀሉላታል፣ የደም ማነስ ላለባት የፍስክ ምግብም የሚፈቅዱ አሉ። አንቺ ብቻሽን ከራስሽ ጋር አትሟገቺ። ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና "ደሜ 10.2 ነው፣ ሐኪም እንዲህ ብሎኛል" ብለሽ በቁጥሩ ንገሪያቸው። "ትንሽ ደክሞኛል" ካልሻቸው "በርቺ" ሊሉሽ ይችላሉ። 😊

ሦስቴ ጾሜ የወለድኩ
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 2፡51

ኧረ እኔ ሦስቱንም ጾሜ ነው የወለድኩት፣ ልጆቼ ማርያም ትመስገን ጤነኛ ናቸው። ዘንድሮ ሁሉም ነገር በሽታ ሆነ።

የሰንበት ተማሪ
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 2፡58

እህቴ፣ ይበል። ግን የአንቺ ደም ስንት ነበር?

ሦስቴ ጾሜ የወለድኩ
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 3፡04

አልተለካሁም 😅

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 23፣ ከምሽቱ 4፡10

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ልለያችሁ። "ጾም" የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሥጋ፣ የወተትና የእንቁላል መቅረት ነው። ሌላው እስከ ሰዓት አለመብላት፣ አለመጠጣት ነው። ለነፍሰ ጡር ይበልጥ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ስኳር ይወርዳል፣ ውሃ ያንሳል፣ ራስ ይዞራል። የጾም ምግብ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀን፣ መክሰስ፣ ማታ አድርጋ የምትበላ ሴት ግን 15 ቀን ፍልሰታን ኪኒኗን እየወሰደች ብዙ ሳትጎዳ ልታልፈው ትችላለች።

ችግሩ ፍልሰታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ረቡዕና ዓርቡን ከአጽዋማቱ ጋር ስትደምሩት የዓመቱ ግማሽ ገደማ ነው። ዘጠኝ ወር ውስጥ አንዲት ሴት ዐቢይ ጾምን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን ልታገኝ ትችላለች። ያኔ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ሊጎድል ይችላል፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። የበኩር አሁን ደም ያነሳት ስለሆነች የእኔ ምርጫ ብትፈታ ነበር። እሱን ግን እሷና ንስሐ አባቷ ይጨርሱት።

ዘወትር ሽሮ
ሐምሌ 24፣ ከጠዋቱ 4፡30

ለምትጾሙ እኔ ባለፈው ዓመት የተጠቀምኩትን ልንገራችሁ። ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ ሽሮ ብቻ አይደለም።

ጠዋት ቅንጬ በዘይት፣ ላዩ ላይ የተፈጨ ሰሊጥ። ወይም ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ረፋድ ላይ የሽምብራ ቆሎ በብርቱካን። ባቄላውን ወይም ሽምብራውን ከማታ ዘፍዝፌ አሳብጬ ነው የምቆላው፤ ሆድም አይነፋም። ምሳ ምስር ወጥና ጎመን፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ። መክሰስ አቮካዶ፣ ስኳር ሳይነሰነስበት። ማታ ሱፍ ፍትፍት። ሱፉን በቤት ፈጭቼ አጥልዬ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ነው የማደርገው፤ ማቅለሽለሽ እያለም ይገባል፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሽታ የለውም። ሁሉም ነገር ሲያስጠላኝ ያተረፈኝ ሱፍ ፍትፍት ነው።

ውሃ ውሃ ውሃ። እና ተልባ ለሆድ ድርቀት።

የሰንበት ተማሪ
ሐምሌ 24፣ ከጠዋቱ 4፡44

ዓሣም አለ እኮ።

ሦስቴ ጾሜ የወለድኩ
ሐምሌ 24፣ ከጠዋቱ 4፡46

ዓሣ በጾም??? አንተ የየትኛው ሰንበት ተማሪ ነህ

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 24፣ ቀን 6፡10

በዚህ አልገባም 😄 ለምትበሉ፣ በፍስክም ቢሆን፣ ዓሣ ለልጁ አንጎል ጥሩ ነው። ቆሮሶ ምንም ችግር የለበትም፣ በደንብ ይጠበስ ወይም ይቀቀል። ውጭ አገር ያላችሁ ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣና ትልልቁን ቱና ተዉ፤ ሜርኩሪ አለባቸው።

ዘወትር ሽሮ፣ ማዕድሽ ግሩም ነው። ከቆስጣ ይልቅ ጎመኑን መምረጥሽም ልክ ነው፣ ቆስጣ ያለውን አይረንና ካልሲየም ይዞ አይለቅም። አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ቀድሞ ከገባ በሙቀቱ የተወሰነው ይጠፋል። አዮዲን ለሕፃኑ አእምሮ ነው፣ እንቅርት ብቻ አይደለም።

የእናቴ ልጅ
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ እናቴ የምትሰጠኝ አብሽ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ፌጦ በሎሚ፣ ቡና ላይ ጤና አዳም ነው። ከኪኒን ይሻላል፣ ተፈጥሮ ነው። ሞክሪው የበኩር።

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3፡00

አትሞክሪው የበኩር። የእናቴ ልጅ፣ እናትሽን አከብራለሁ፣ ግን እነዚህን ሦስቱን በእርግዝና እንደ መድኃኒት አልመክርም። ሽሮና በርበሬ ውስጥ የገባች አብሽ ምንም አይደለችም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ የአብሽ ውሃ ሌላ ነገር ነው። ጤና አዳም በብዛት ማኅፀን ያነሣሣል፤ ድሮ ለማስወረድ ይጠቀሙበት እንደነበር ብዙ አሮጊቶች ያውቃሉ። የኮሶ መድኃኒት በባህላዊ መንገድ መጠጣትማ ጭራሽ አይታሰብ። ተፈጥሮ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እሬትም ተፈጥሮ ነው።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ፦ የለም። "ጠላ ገብስ ነው" የምትሉኝ፣ ገብሱን በገንፎ ብሉልኝ።

ቡና ጨርሶ ተዉ አልልም፣ የማይሆን ነገር አልናገርም። በቀን 200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። ወፍራም የጀበና ቡና ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ስኒ ላይ ቁሙ። አቦልን ጠጥታችሁ በረካ ላይ ለወጉ ብቻ ተቀመጡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሐምሌ 25፣ ከጠዋቱ 2፡40

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ለዲያስፖራዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በሰባተኛ ወር መግቢያ ላይ የስኳር ምርመራ ተደርጎልኝ የእርግዝና ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ውፍረት የለኝም፣ በቤተሰብም የለም። እዚህ ለሁሉም ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ይመረምራሉ።

የምግብ ባለሙያዋ ጋ ስቀርብ እንጀራ የሚለውን አታውቅም። ሳህኑን ፎቶ አንስቼ ወሰድኩላት። እንጀራው ሙሉ ትሪ፣ ወጡ መሀል ላይ ትንሽ። አይታ "ይሄ ሁሉ ስታርች ነው?" አለችኝ። እንጀራ አልከለከለችኝም። ገልብጪው ነው ያለችኝ፦ ግማሽ እንጀራ፣ ላዩ ላይ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ዶሮው እንዲበዛ። ከበላሁ በኋላ ጣቴን እየወጋሁ እለካ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች መሆን አለበት። በሙሉ እንጀራ ስበላ ያልፋል፣ በግማሹና በብዙ ወጥ አያልፍም። በዓይኔ አየሁት። ነጭ ሩዝና ማንጎ ጁስ ደግሞ ከእንጀራም የባሱ ሆነው አገኘኋቸው። ከእራት በኋላ በእግር ዞር ዞር ማለትም ይቀንሰዋል።

እዚህ ያላችሁ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ዊክ (WIC) የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ላይ ተመዝገቡ። ለነፍሰ ጡር እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ፍራፍሬና አትክልት ይሰጣል። አፍሮ የቀረ ብዙ ሐበሻ አውቃለሁ። ምኑ ያሳፍራል? ምስር ሁሉ አለው!

ገና ነኝ
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 2፡15

ሲስተር፣ እኔ ገና ለማርገዝ እያሰብን ነው። እስካረግዝ የምወስደው ነገር አለ?

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 4፡25

ይሄን ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ በጣት የሚቆጠር ነው። አዎ። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ፣ አሁኑኑ ጀምሪ። የሕፃኑ የአከርካሪና የአንጎል ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም፣ "የወር አበባዬ ትንሽ ዘገየ" ነው የምትለው። እኛ ጋ ለክትትል የምትመጣው በሦስተኛ በአራተኛ ወሯ ነው፤ ያኔ የሰጠናት ፎሊክ ለደሟ እንጂ ለቱቦው አይደርስም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለደች ካለች መጠኑ በጣም ስለሚበልጥ ሐኪም ታማክር።

የሳሪሷ
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 4፡31

ጉበቱ አልተመለሰም ሲስተር። እኔም እየበላሁ ነው።

ሲስተር አዋላጅ
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 4፡50

አዎ ረስቼው። ጉበት አይረኑ ብዙ ነው፣ ግን ቫይታሚን ኤው ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል። እንግሊዝ አገር ነፍሰ ጡር ጨርሶ እንዳትበላ ነው የሚመክሩት። ሌላ ሥጋ የምታገኙ ተዉት። ቀይ ሥጋና እንቁላል ይበቃሉ፣ እንቁላሉም አስኳሉ እስኪጠጥር። እንቁላሉን አማትሽ ሳይሰሙ ሳይሆን ሰምተው ብዪው 😄

የበኩር
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 3፡35

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ።

አማቴን ይዤ ሄድኩ። "አራት የወለድኩ" እንዳሉት ነው ያደረግኩት፣ ብቻዬን ይደክመኛል ብዬ። ሲስተሯ ነጩን ቅባት ስታስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙና "እኔ ስድስቱንም ስወልድ ወተት አልጠጣሁም፣ ሁሉም ላይ ነበረ እኮ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለወተት አንሥተው አያውቁም። ስለመግዘፉ ግን አሁንም ያጉረመርማሉ። ሁሉም ባንዴ አይሆንም።

ንስሐ አባቴ የሰዓቱን አንሥተውልኛል። ምግቡን በጾም ልቀጥል፣ ደሜ ካልጨመረ ግን እንድፈታ ነግረውኛል። ሲስተር ፍችው ስትል ሰምቻለሁ፣ ግን በዚህ ተስማምተናል፤ የሚያዩኝም ባለሙያ አውቃለች። ጠዋት ቅንጬ በሰሊጥ በልቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው፣ መጀመሪያ ቀን ሰው የሚያየኝ መስሎኝ ነበር።

ኪኒኑን ማታ አደረግኩት፣ ማቅለሽለሹ ቀርቷል። ቡናዬን ከኪኒኑም ከምሳውም አራቅኩት። ጥያቄ፦ ደሜ መቼ ይለካ?

ሲስተር አዋላጅ
ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 1፡05

አንበሲት። ከአንድ ወር በኋላ ተለኪ። በትክክል እየወሰድሽው ካልጨመረ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ለትል፣ እንደ አካባቢሽም ወባ ይታያል። ከዚያ በፊት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ልብሽ በኃይል ከመታ፣ ደም ካየሽ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

ጅዳ ነኝ
ነሐሴ 4፣ ቀን 8፡40

በረዶውን ትቼዋለሁ 🙈 ባለቤቴ ተኝቷል።

ባል ነኝ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡00

ሲስተር፣ ከወለደች በኋላ ላለውስ ይሄው ምግብ ይቀጥላል?

ሲስተር አዋላጅ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 4፡12

ይቀጥላል፣ ይጨምራልም። ለምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ነው፣ የአይረን ኪኒኑም ወዲያው አይቆምም። የአራስ ገንፎና አጥሚት ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ለሱ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያ እንገናኝ።